በትምህርት ቤት ሜዳ ስለ ታዩ ታላላቅ ኳስ ተጨዋቾች

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ሲደርስ ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ መቋጫ የሌለው የኳስ ክርክር ነው። ከኳስ ክርክሮችም መካከል ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣው ስለ አውሮፓ ቡድኖች የሚደረገው ሳይሆን፣ «በዐይናችን ካየናቸው የትምህርት ቤት ተጨዋቾች ማንኛው ይበልጥ ነበር?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በአዳማ ከተማ የተነሣ እንደ ሆነ፣ አንደኛው በልጅነቱ አብሮት የተማረውን አጥቂ ይጠራል፤ ሁለተኛው ከወንጂ መጥቶ ግቡን አላስደፍር ያለውን በረኛ ያስታውሳል፤ ሦስተኛው የመቂ ወይም የሻሸመኔ ተወላጅ ከሆነ፣ «እናንተ የእኛን ልጅ ስላላያችሁት ነው» ብሎ ሁለቱንም ዝም ያሰኛል። ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ፋይሉ ይጠብቃል፤ ክርክሩ ግን አይፈረድም።

የማይፈረድበትም ምክንያት ማስረጃ ስለሌለ ነው። የሯጮቻችንን ጉዳይ ብንመለከት ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። የአርሲው ተወላጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1990 ዓ.ም. ሄንግሎ በምትባለው የሆላንድ ከተማ 10,000 ሜትር በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሴኮንድ ሲሮጥ ሰዓቱ መዝግቦታል፤ በዚያን ቀን ያልተወለደ ሕፃን እንኳ ዛሬ ቁጥሩን አንብቦ ሊፈርድ ይችላል። የትምህርት ቤት ኳስ ተጨዋች ግን ሰዓትም ሜትርም አይመሰክርለትም። ምስክሩ በሜዳው ዳር የቆመ ሰው ዐይን ብቻ ነው። ያ ሰው ሲያረጅ የተጨዋቹም ዝና አብሮት ያረጃል፤ ሲሞትም አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ሦስት ነገሮችን በተራ እንመለከታለን። አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ለአገራችን እግር ኳስ ምንጭ የሆነው እንዴት እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፣ አንድን ልጅ «ታላቅ ተጨዋች ነበር» ብሎ ለመመስከር ምን ምን ማስተዋል እንደሚያስፈልግ፤ ሦስተኛ፣ ይህ ምስክርነት ከሰው ጋር እንዳይጠፋ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው።

እግር ኳስ ራሱ ከትምህርት ቤት የወጣ ጨዋታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየራሱ ደንብ ይጫወት ነበር፤ በአንዱ ሜዳ ኳስን በእጅ መያዝ ሲፈቀድ በሌላው ይከለከል ነበር። ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ወጥተው በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተገናኙ ተማሪዎች በየደንባቸው ሲጣሉ መጫወት ስላልቻሉ፣ በ1848 የጋራ ደንብ ጻፉ። በ1863 ደግሞ በለንደን የእግር ኳስ ማኅበር ተቋቁሞ ጨዋታው አንድ ሕግ አገኘ። እንግዲህ ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚገዛበት ሕግ መነሻው በተማሪዎች መካከል የተደረገ ስምምነት ነው ማለት ነው።

በአገራችንም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት በተስፋፋ መጠን ኳስም አብሮ ተስፋፍቷል። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከተማሩት ልጆች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ዕለት በጅማ የተወለደ ሲሆን፣ አባቱ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ዝነኛው ባለቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የዚሁ ቡድን ተጨዋች ሆነ፤ ሃያ ሦስት ዓመትም ያህል ማሊያውን ሳይለውጥ ተጫወተ። በጠላት ወረራ ዘመን ቡድኑ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» በሚል የኢጣልያ ስም እንዲጠራ ተገዶ ነበር፤ ልጆቹ ግን ኳሱን አልተዉም።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የኢጣልያኖች ቡድኖች ነበሩ። በዚያ ዓመት ያሸነፉት እንግሊዞች ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሻምፒዮን ለመሆን እስከ 1942 ዓ.ም. መታገሥ አስፈልጎታል። ብሔራዊ ቡድናችን ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1940 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጨዋታውን ከዛሬዋ ጂቡቲ ቡድን ጋር በአዲስ አበባ አድርጎ 5 ለ 0 አሸንፎ ነበር። ይድነቃቸውም ለብሔራዊ ቡድን ከተሰለፉት ተጨዋቾች አንዱ ነው። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ጋር ቆመ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፈበት ቀን ድረስ ፕሬዚዳንቱ ሆነ፤ የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ መንግሥት ከስፖርት መድረክ እንዲገለል ከታገሉት ቀዳሚዎች አንዱም እርሱ ነው።

አንባብያን ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሁን የዘረዘርነው ሁሉ በመዝገብ የሰፈረ ነው። መዝገቡ ግን የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ነው። ከበሩ ውስጥ የነበረው ልጅ፣ በዕረፍት ሰዓት የጨርቅ ኳስ ይዞ አብዶ ሲሠራ ጓደኞቹን ያስደነቀው ልጅ፣ የሚኖረው በጓደኞቹ ቃል ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ታላቅ ሰው እንኳ ነገሩ ይህ ከሆነ፣ ኳሱን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል አቁሞ ወደ ሥራ ለገባው ልጅ ምን ያህል የባሰ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ከትምህርት ቤት ወደ ትልቅ ቡድን የሚወስደው መንገድ በቀድሞው ዘመን በመሥሪያ ቤቶችና በፋብሪካዎች በኩል ያልፍ ነበር። የሻምፒዮኖቹን ስም ብቻ ብናነብ ይህ ይገለጥልናል። በ1951 ዓ.ም. ቴሌ፣ በ1952 ዓ.ም. የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር፣ በ1956 ዓ.ም. ሲሚንቶ አሸንፈዋል፤ ከእነርሱም በፊት የጦር ሠራዊት ቡድን ደጋግሞ አሸንፏል። እንዲህ ላለው ቡድን የተመረጠ ልጅ ማሊያና ደመወዝ በአንድ ጊዜ ያገኝ ነበር። በስምጥ ሸለቆ ከተሞችም ሥርዓቱ ይኸው ነበር። የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ሜዳ ስኳር ማምረት ሲጀምር ሠራተኛው ከነቤተሰቡ በአገዳው መካከል ሰፈረ፤ የወንጂ ስኳር ስምም በኳስ ሜዳ የሚጠራ ሆነ። ከዚያ በኋላ መተሐራ ስኳር የራሱን ቡድን አቆመ፤ በቢሾፍቱም አየር ኃይል የራሱ ቡድን ነበረው። ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ ደግሞ ባቡሩም መኪናውም የሚያልፍባት መናኸሪያ በመሆኗ፣ ከሐረር መንገድም ከአርሲም ከሐይቆቹ ዳርም የመጣ ተማሪ የሚገናኝባት ከተማ ሆነች። ዛሬም የከተማዋ ቡድን አዳማ ከተማ ተብሎ በአገሪቱ ውድድር ይታወቃል።

ነገር ግን ይህ መንገድ ጠባብ ነበር፤ አሁንም ጠባብ ነው። ለምሳሌ ያህል ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ከተማ አሥር ትምህርት ቤቶች ቢኖሩና እያንዳንዱ አሥራ አንድ ተጨዋች ቢያሰልፍ መቶ አሥር ልጆች ይሆናሉ። የከተማው ትልቅ ቡድን በዓመት አዲስ የሚቀበለው ግን ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። የቀሩት መቶ ሰባት ልጆች ሁሉ ሰነፎች ናቸውን? አይደሉም። ከእነርሱ መካከል እናቱ ኳሱን በቢላዋ የቀደደችበት አለ፤ ጉልበቱ ተሰብሮ ሐኪም ያላገኘ አለ፤ አባቱ ሲሞት ቤተሰቡን ለመርዳት ትምህርቱን የተወ አለ፤ መልማዩ በመጣበት ቀን በወባ ታሞ የተኛም አለ። ስለዚህ «ታላቅ ቢሆን ኖሮ እንሰማው ነበር» የሚለው አባባል ፍርድ ሊሆን አይገባውም።

የተሳካላቸውም ቢሆኑ የወጡት ከዚያው ከጠባቡ መንገድ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ግብፅ ሲገናኙ፣ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜም አቻ ተደርጋለች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ የመጀመሪያውን አገባ፤ ሁለተኛው በ84ኛው ደቂቃ ገባ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁም በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን አክለው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። የቡድኑ አሠልጣኝ ያ የተፈሪ መኰንን ተማሪ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። መንግሥቱም በዚያ ውድድር ሦስት ግብ በማግባት ከግብፁ ባዳዊ ጋር የከፍተኛ ግብ አግቢነትን ክብር ተካፈለ። ከዚያ ቀን ልክ በሃምሳ አንደኛው ዓመት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ቡድናችን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲለያይ ግቡን ያገባው የስምጥ ሸለቆዋ የሀዋሳ ልጅ አዳነ ግርማ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ የመጀመሪያው ግብ ያኔ ለአዳማ ከተማ ይጫወት የነበረው የዳዋ ሆቴሳ ነበር። እነዚህን ግቦች ሚሊዮኖች ሰምተዋቸዋል። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዳቸው ጥቂት ሰው ብቻ ያያቸው የመንደር ልጆች ነበሩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። አንድን የትምህርት ቤት ተጨዋች አይቶ የሚመሰክር ሰው ራሱን አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዕድሜ ነው። በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ጎልቶ የሚታየው ልጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያደገው ልጅ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ሮጀር ባርንስሊ የተባለ የካናዳ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ስለ በረዶ ሆኪ ተጨዋቾች ባወጣው ጥናት፣ ከተመረጡት ወጣቶች መካከል በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በመጨረሻዎቹ ወራት ከተወለዱት እጅግ እንደሚበዙ አሳይቷል። ምክንያቱ ሌላ አይደለም። የዕድሜ ምድቡ በጃንዩዌሪ መጀመሪያ ስለሚቆረጥ፣ በዚያ ወር የተወለደው በዲሴምበር ከተወለደው ጋር በአንድ ምድብ ሲጫወት ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ይበልጠዋል፤ አሠልጣኙም የወራትን ብልጫ የችሎታ ብልጫ አድርጎ ያየዋል። ይኸው ነገር በኋላ በብዙ አገሮች እግር ኳስ ላይም ተገኝቷል።

በእኛ አገር ልዩነቱ በወራት ብቻ የሚቆጠር አይደለም። አንዱ በከተማ በስድስት ዓመቱ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሌላው በገጠር ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በአሥር ዓመቱ ፊደል ይቆጥራል፤ ሁለቱ በአሥረኛ ክፍል ሲገናኙ አንደኛው ጢም ያበቀለ ጎልማሳ፣ ሌላው ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ይሆናል። ጎልማሳው ልጁን በትከሻው ገፍቶ ቢያልፈው ጉልበቱን እንጂ ጥበቡን አላሳየንም። ትንሹ ልጅ ግን ትልቁን በአንድ ንክኪ አታሎ ካለፈው ያ በእርግጥ የሚታወስ ነው።

ለዚህ የሚሆን መልካም ምሳሌ በጃፓን አገር እናገኛለን። በዚያ አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ጨዋታዎቹም በቴሌቪዥን ይተላለፋሉ። ሹንሱኬ ናካሙራ የተባለ ልጅ በዮኮሃማ ማሪኖስ ክለብ የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ቆይቶ ወደሚቀጥለው ደረጃ ለማለፍ ሳይመረጥ ቀረ፤ ሰውነቱ ገና አልዳበረም ነበርና። ልጁ ግን ወደ ትምህርት ቤት ተመልሶ ለቶኮ ጋክዌን ሁለተኛ ደረጃ ተሰለፈ፤ በ1997 በጃንዩዌሪ ወርም ትምህርት ቤቱን ለፍጻሜ አደረሰ። ከዚያም ያልመረጠው ክለብ ራሱ መልሶ ወሰደው። በ2006 ለስኮትላንዱ ሴልቲክ ሲጫወት በማንቸስተር ዩናይትድ ላይ በቅጣት ምት ያገባውን ግብ ያየ ሰው፣ ይህ ያ የተጣለው ልጅ ነው ብሎ ሊያምን ይቸገራል። ናካሙራን ያዳነው ክለቡ በር ሲዘጋበት የትምህርት ቤት ሜዳ ክፍት ሆኖ መጠበቁ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከማን ጋር ተጫወተ?» የሚል ነው። ደካማ ቡድን ላይ አምስት ግብ ማግባትና በጎረቤት ከተማ ምርጥ ተከላካይ ላይ አንድ ማግባት እኩል አይመዘንም። ስለዚህ «አምስት አግብቷል» የሚል ምስክር የተጋጣሚውንም ስም መናገር አለበት። የተጋጣሚው ደጋፊም ቢጠየቅ ይመረጣል፤ የራስን ልጅ ማመስገን ለሁሉም ይቀላልና፣ ባላጋራ የመሰከረለት ተጨዋች ግን በእርግጥ ተጨዋች ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ሜዳውና ስለ አየሩ ነው። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም። ከተማዋን በከበቡት ኮረብታዎች ላይ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ነፋስ ከሰዓት በኋላ አቧራውን አንሥቶ ሜዳውን ሲያቋርጥ፣ ከጀርባ ነፋስ ይዞ ከሩቅ የመታው ልጅ ጀግና ይመስላል፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ኳሷን በሣር ቁመት የሚያንከባልለው ግን አይታይም። የሸለቆው ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ከደጋ የመጣ ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ሲዝል፣ ያገሩ ልጅ ገና እንደ ጀመረ ሆኖ ይሮጣል። በባዶ እግር የተጫወተና ታኬታ የተጫማም በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። አስተዋይ ምስክር እንግዲህ ግቡን ብቻ ሳይሆን ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደ ነበረም ያስታውሳል።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ «ጓደኞቹን ምን አደረጋቸው?» የሚል። ኳስ ሲይዝ ሜዳውን ሁሉ ብቻውን የሚዞር ልጅ ለተመልካች ደስ ያሰኛል፤ ጭብጨባውም የእርሱ ነው። ግን አንዳንድ ልጅ አለ፣ እርሱ በተሰለፈ ቀን ደካሞቹ የሚበረቱ፣ የፈሩት የሚደፍሩ፣ እርሱ በቀረ ቀን ግን ያው ቡድን የሚፈርስ። ይህንን ለማወቅ አንድ ጨዋታ ማየት አይበቃም። ዓመቱን ሙሉ የተከታተለ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ስለዚህም ነው ከጋዜጠኛው ይልቅ የክፍል ጓደኛው፣ የስፖርት መምህሩ፣ የትምህርት ቤቱም ዘበኛ የተሻሉ ምስክሮች የሚሆኑት።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። በሌላ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ በእግር ኳስ ግን ብዙ ጊዜ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። ብራዚላዊው ፔሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በስዊድን ላይ ሁለት ግብ ሲያገባ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ በእኛ አገር ቢሆን የአሥራ አንደኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መሆኑ ነው።

በዐይናችን ያየናቸው ስንል ዐይናችንን ያልሰጠናቸውም እንዳሉ መዘንጋት አይገባም፤ እነርሱም ሴቶች ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤት ኳስ ሲወሳ የሴት ስም የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በዱራሜ የተወለደችው ሎዛ አበራ ለሀዋሳ፣ ለደደቢትና ለአዳማ ከተማ ተጫውታ፣ የብሔራዊ ቡድናችን የሉሲ አጥቂ ሆና፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በማልታ አገር ለቢርኪርካራ ቡድን ግብ በግብ ላይ ስትደራርብ ታይታለች። በየትምህርት ቤቱ እንደ እርሷ ያሉ ስንት ልጆች እንደ ነበሩ የሚናገር ምስክር ካልተገኘ፣ ጉድለቱ የልጆቹ ሳይሆን በሜዳው ዳር ቆመን ፊታችንን ያዞርነው የእኛ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነገር ምስክርነቱን ስለ መጠበቅ ነው። አንባብያን ሆይ፤ ከእናንተ አብዛኞቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ። ወደ መሥሪያ ቤታችሁ የሚገባ አንድ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሳይሰጠው አያድርም፤ በመዝገብ ቤት ተመዝግቦ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ቢፈለግ ይገኛል። የጠረጴዛና የወንበር ቁጥር እንኳ በንብረት ክፍል ተጽፎ ይቀመጣል። አንድን ከተማ በሙሉ ከመቀመጫው ያስነሣ ልጅ ግን ስሙ በየትም አልሰፈረም። ምናልባትም ያ ልጅ ዛሬ በአጠገባችሁ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚመራው ባልደረባችሁ ነው። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ቀርቶታል፤ ደረጃውን ሲወጣ ጉልበቱን ይይዛል። ለምን እንደሚይዘው ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ወፍራም ደብተር ይክፈት። በዚያም ላይ በየጨዋታው የተሰለፉት ልጆች ስም ከነአባት ስም፣ ክፍላቸው፣ የትውልድ ዘመናቸው፣ የተጋጣሚው ትምህርት ቤት ስም፣ ውጤቱና ግብ ያገቡት ይጻፉ። የቡድኑ ፎቶግራፍ ሲነሣ በጀርባው የሁሉም ስም በቅደም ተከተል ይስፈር፤ ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የማይታወቁ ልጆች ሥዕል ብቻ ይሆናልና። የስፖርት መምህሩ ሲዛወር ደብተሩን ይዞ አይሂድ፤ እንደ ማናቸውም የመንግሥት ንብረት ለተተኪው በፊርማ ያስረክብ። የሴቶቹም ቡድን ከወንዶቹ ጋር በአንድ ደብተር ላይ ይመዝገብ።

ያለፈው ዘመን ደግሞ የሚድነው በእናንተ ብዕር ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በወንጂ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ የተማራችሁ ሁሉ፣ በሻይ ሰዓት የምትጠሩትን ያንን ስም አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ አስፍሩት። የትና መቼ አያችሁት? ከማን ጋር ሲጫወት? ዕድሜው ስንት ነበር? ስንት ጊዜ አያችሁት? ጓደኞቹንስ ምን አደረጋቸው? ያላያችሁትን አትጨምሩ፤ ከሌላ የሰማችሁትን «ሰምቻለሁ» ብላችሁ ለዩት። ከዚያም ወረቀቱን ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ላኩ። ባለቤቱ በሕይወት ካለ አስቀድማችሁ ለእርሱ አንብቡለት፤ የተሳሳተውንም ያርማል።

ይህ ሲደረግ የሻይ ሰዓቱ ክርክር ያበቃል ማለት አይደለም። ይልቁንም በማስረጃ የሚደረግ ክርክር ስለሚሆን ይጣፍጣል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ ስለ ርስትና ስለ ውል ብቻ አልተናገሩም። በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ከተማውን ያስደሰተ ልጅም ለተተኪው ትውልድ የሚተላለፍ ውርስ ነው። የዚህን ዓመት ጨዋታ ለማየት የምትሄዱ ወላጆችም እርሳስና ወረቀት በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።